እልኸኛ ልብ በእግዚአብሔር ፊት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እልኸኝነት ነው። ርእሱ ከበድ ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በልቤ ሲመላለስ የቆየ ስለሆነ አሁንስ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

እኛ ባደግንበት አገር «እልኸኛ ነው» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው። ልጁ በኩራዝ እያጠና ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ እናቱ «ልጄ እልኸኛ ነው» ትላለች። ገበሬው ሰው ሁሉ የተወውን ድንጋያማ መሬት ለቅሞ አርሶ እህል ሲያወጣ ጎረቤቱ በእልኸኝነቱ ያደንቀዋል። እኛ ስደተኞችማ ያለ እልህ እዚህ አንደርስም ነበር። አብረውን የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ተነሥተው ወደ ሱዳን ሲወርዱ፣ በመንገድና በመጠለያው ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የመታሰቢያ ስፍራ ቆሞላቸዋል። ያን መንገድ የተጓዘ ሰው እልህ ባይኖረው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ይመለስ ነበር። ከእኛም ውስጥ ቋንቋ ሳያውቅ፣ ሌሊት ፋብሪካ እየሠራ፣ ቀን ስፖንጃ እያደረገ ልጆቹን ያስተማረ ብዙ ነው።

ስለዚህ እልህ መጥፎ ነው ብዬ አልጀምርም። ግን የአገራችን ሰው ይህንንም ያውቃል፦ እልህ ምላጭ ያስውጣል። በችግር ፊት፣ በድህነት ፊት የሚያቆመን ያው እልህ በእግዚአብሔር ፊት ስንይዘው ምላጭ ይሆናል። የሚውጠው ሰው ደግሞ ሌላውን የጎዳ እየመሰለው የራሱን አንጀት ነው የሚቆርጠው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ነገር «አንገተ ደንዳና» ይለዋል። እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ዕብራይስጡን ስለምንሰማ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። «ቅሼ ዖሬፍ» ነው የሚለው። ዖሬፍ ማለት ማጅራት ነው። ወይፈን ሲገራ ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። አባቶቻችን ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋር ይጠምዱት ነበር። የለመደው በሬ ማጅራቱን ዝቅ አድርጎ ቀንበሩን ይቀበላል። ወይፈኑ ግን ማጅራቱን ያደነድናል፣ ወደ ጎን ይጎትታል፣ ይተኛል፣ ይራገጣል። ቀኑ ይመሻል፣ መሬቱ አልታረሰም፤ እርሱም ከአራሹ በላይ ደክሟል። ለጳውሎስ በደማስቆ መንገድ የተነገረው ይኸው አልነበረምን? መውጊያውን የሚራገጥ በሬ የሚያቆስለው የራሱን እግር እንደሆነ ነው የተነገረው (ሐዋ. 26፥14)።

አሁን ደግሞ ፈርዖንን እንመልከት። ስለ እልኸኛ ልብ ከእርሱ በላይ የሚያስተምር ሰው የለም። በኦሪት ዘጸአት ስለ ፈርዖን ልብ ሦስት የዕብራይስጥ ቃላት ተጽፈዋል። አንዱ «ሐዛቅ» ነው፣ ጠነከረ ማለት ነው። ሁለተኛው «ቃሼ» ነው፣ ደረቀ፣ ደነደነ ማለት ነው። ሦስተኛው «ካቬድ» ነው፤ ይህ ከእኛው «ከባድ» ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። የጥንት ግብፃውያን ሰው ሲሞት ልቡ በሚዛን ላይ ከላባ ጋር ይመዘናል ብለው ያምኑ ነበር፤ ልቡ የከበደበት ጠፋ። እንግዲህ ኦሪት የፈርዖን ልብ ከበደ ስትል፣ በራሱ አገር ሚዛን እንኳ ወድቋል ማለቷ ነው።

ብዙ ሰው «እግዚአብሔር ራሱ የፈርዖንን ልብ ካደነደነ የፈርዖን ጥፋት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምዕራፎቹን ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። እግዚአብሔር አስቀድሞ እንደሚሆን ለሙሴ ነግሮታል። መቅሠፍቱ ሲጀምር ግን እስከ አምስተኛው ድረስ የምናነበው የፈርዖን ልብ እንደ ደነደነ፣ ወይም እርሱ ራሱ ልቡን እንዳደነደነ ነው። እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አደነደነ የሚለው በስድስተኛው፣ በቍስሉ መቅሠፍት ላይ ነው (ዘጸ. 9፥12)። ከዚያም በኋላ በበረዶው ጊዜ ፈርዖን ራሱ እንደ ገና ልቡን አደነደነ ይላል (9፥34)። ይህ ያስፈራኛል። ሰው አምስት ጊዜ «እምቢ» ካለ በኋላ እግዚአብሔር የመረጠውን መንገድ ያጸናለታል። «እሺ ማለት አልፈልግም» ብሎ የጀመረ ሰው አንድ ቀን «እሺ ማለት አልችልም» ላይ ይደርሳል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ፈርዖን መቅሠፍቱ በበረታ ቁጥር ይለሰልስ ነበር። «በድያለሁ» ያለውም ሁለት ጊዜ ነው (9፥27፤ 10፥16)። ልቡ የሚደነድነው እፎይ ባለ ጊዜ ነው (8፥15)። ወገኖቼ፣ ይህ የእኛ ታሪክ አይደለምን? ወረቀት ስንጠብቅ በየሌሊቱ እየተነሣን እንጸልይ ነበር። ገና ስንመጣ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ስንተኛ፣ ጾሙም ጸሎቱም ነበረ። ዛሬ ማሽካንታው ተፈቅዶ፣ መኪናው ተገዝቶ፣ ልጁ ከሠራዊት በሰላም ተመልሶ፣ ጉልበታችን መታጠፍ አቃተው። ችግር ልብን ያደነድናል ሲባል እንሰማለን፤ እኔ ያየሁት ግን ብዙዎችን ያደነደነ እፎይታ ነው።

ፈርዖን ደግሞ ዝም ብሎ «እምቢ» አላለም፤ ይደራደር ነበር። መጀመሪያ እዚሁ በምድሬ ሠዉ አለ። ቀጥሎ ሂዱ፣ ግን ሩቅ አትሂዱ አለ። ቀጥሎ ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ አለ። በመጨረሻ ሁላችሁም ሂዱ፣ ከብቶቹ ግን ይቅሩ አለ (8፥25-28፤ 10፥11፤ 10፥24)። እልኸኛ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። አፉን ሞልቶ «እግዚአብሔርን አልታዘዝም» የሚል አማኝ አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመኝ ሁሉን ሰጥቶ አንዷን ነገር የሚያስቀር ነው። አሥራቱን ይሰጣል፣ ይዘምራል፣ ይጾማል፤ አንዲት ክፍል ግን ቁልፏን በኪሱ ይዟል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጓጕንቸሩ ነገር ነው። ጓጕንቸር ምድሩን ሞልቶት፣ አልጋውም ቡሖ ዕቃውም ሳይቀር በጓጕንቸር ተሞልቶ ሳለ ሙሴ «መቼ እንድጸልይልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ «አሁኑኑ!» አይልምን? ፈርዖን ግን «ነገ» አለ (8፥10)። አንድ ሌሊት ተጨማሪ ከጓጕንቸሩ ጋር ማደር መረጠ። የእልህ ቋንቋ ይህ ነው፤ «እምቢ» አይልም፤ «ነገ» ይላል። በመዝሙረ ዳዊት ግን በመሪባና በማሳ ስለ ሆነው ነገር የሚያስጠነቅቀው መዝሙር «ዛሬ» ይላል። ይህ መዝሙር በዚህ አገር በብዙ ምኩራቦች ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ ይነበባል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም ይህንኑ መዝሙር ይዞ በምዕራፍ 3ና 4 «ዛሬ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያስተምርበታል። የፈርዖን ቃል ነገ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ዛሬ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰምቶ ጣቱን ወደ ሌላ የሚጠቁም አይጥፋ ይሆናል። አንዳንድ ክርስቲያን አንገተ ደንዳና የሚለውን ቃል ሲያነብ ወደ አይሁድ ጎረቤቱ ይመለከታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የዕብራውያን መልእክት የተጻፈው ለአማኞች ነው፤ ተጠንቀቁ የተባሉትም ወንድሞች ናቸው (3፥12)። በማርቆስ ወንጌል ልባቸው ደንዝዞ ነበር የተባለላቸው ደቀ መዛሙርቱ ናቸው፤ እንጀራውን በእጃቸው አድለው፣ ትርፍራፊውን በእጃቸው ሰብስበው፣ በዚያው ሌሊት አላስተዋሉም (6፥52)። ከጌታ ጋር በአንድ ታንኳ ተቀምጦም ልብ ሊደነድን ይችላል ማለት ነው።

አዲስ ኪዳን የተጻፈበት ግሪክኛ ለዚህ «ፖሮሲስ» የሚል ቃል አለው። በእጅ ወይም በእግር ላይ እንደሚወጣ ጠጣር ቆዳ መደንደን ማለት ነው። ይህን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙ ዓመት ስፖንጃ በማድረግ የእጄ መዳፍ ከመጥረጊያው እንጨት የተነሣ ጠጥሯል። መጀመሪያ ውኃ ቋጠረ፣ አመመ፤ ከዚያ ደረቀ፤ አሁን ትኩስ ብርጭቆ ብይዝ እንኳ አይሰማኝም። ለሥራው ጥሩ ነው። ልብ እንዲህ ሲሆን ግን፣ ያኔ ያመመን ነገር ዛሬ ሳያመን ሲቀር «በረታሁ» እንላለን። አልበረታንም፤ ደንዝዘናል።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ስም አልጠራም፤ ዘመዶቼ ግን ታውቃላችሁ።

ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ታላቁ እዚህ አገር ነው፤ ታናሹ ጎንደር ነው። ታላቁ በየወሩ ከደመወዙ ቆርጦ ለእናታችን ይልክ ነበር። አንድ ጊዜ የእናታችንን ቤት ጣራ አስወልቆ አዲስ ቆርቆሮ እንዲያስመታ ለታናሹ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ላከለት። ታናሹ በገንዘቡ ባጃጅ ገዛ። ሠርቶ በሦስት ወር እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር። ባጃጇ ተገልብጣ ተሰበረች፤ ክረምት ገባ፤ እናታችን በሚያፈስ ጣራ ሥር ከረመች። ይህ በደል ነው። ታናሹም አይክደውም፤ እኔም አላቃልለውም። ታላቁ በዚያን ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ ስሙን እንዳትጠሩብኝ» አለ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ታላቁ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም በጉባኤያችን ቅዳሜ ስንሰበሰብ አዳራሹን የሚከፍተው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ የታመመ የሚጠይቀው እርሱ ነው። ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ገንዘቡን ከተወው ቆይቷል። ቃሉን ግን መተው አልቻለም። «እኔ አንድ ጊዜ ከተናገርሁ ተናገርሁ ነው» ይላል። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሄደውበታል። በአክብሮት አስገብቶ፣ ቡና አስፈልቶ፣ እግር ስማችሁም ቢሆን ይህን አትጠይቁኝ ብሎ ሸኝቷቸዋል። አገራችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምትለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

እናታችን ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። ታላቁ ለቀብሯ አልደረሰም፤ የደረሰው ታናሹ ነው። እዚህ እርሱ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። የቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ዳቦ ጋግረው፣ ቡና ይዘው መጥተው ከእኛ ጋር አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ታናሹ በእኔ ስልክ ደወለ። ድምፁ ተዘግቶ «እባክሽ ስልኩን ስጪልኝ፣ አብረን እናልቅሳት» አለኝ። ስልኩን ዘረጋሁለት። ታላቁ አየው፤ ተነሥቶ ወደ ሚርፔሴት ወጣ። አንዲት እናት የወለደቻቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በጎንደር አንዱ በእስራኤል፣ ለየብቻ አለቀሱ።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። አቡነ ዘበሰማያትን አብረን ስንጸልይ፣ ስለ በደላችን ይቅርታ የምንለምንበት ስፍራ ስንደርስ የወንድሜ ድምፅ ይቆማል። ሌላው ሁሉ ይቀጥላል፤ እርሱ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ሲደርስ ይቀላቀላል። በዚህ ዝምታው ሁለት ነገር ይሰማኛል። እፈራለሁ፤ ምክንያቱም በአፉ ማለት ያቃተው ጸሎት የራሱ ነፍስ የተንጠለጠለችበት ነው። ተስፋም አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም ዝም የሚል ሰው ገና ያመዋል። ፍጹም የደነዘዘ ሰው ቢሆን እንደ ማንም እያዜመ ያልፈው ነበር።

ነገሩ ታዲያ የወንድማማች ጠብ እንጂ በእግዚአብሔር ላይ እልኸኛ መሆን ነውን? ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት የወንድማማች ነበር። ይቅር እንዲል እግዚአብሔር በቃሉ፣ በሽማግሌ፣ በእናቱ ሞት ሲናገረው ቆይቶ ዛሬም እምቢ ካለ ግን፣ እልሁ ከታናሹ ጋር መሆኑ ቀርቷል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተናገረው ታላቁ ልጅ የተቈጣው በወንድሙ ነበር፤ ወደ ቤት አልገባም ብሎ ደጅ የቆመው ግን አባቱን እምቢ ብሎ ነው። አባትየው ወጥቶ ለመነው። ታሪኩ ገባ አይልም፣ ቀረም አይልም። እዚያው ደጁ ላይ ያበቃል።

ንጉሥ ሳኦልም እንዲሁ ነው። ሳሙኤል ዐመፅን ከምዋርት፣ እልኸኝነትን ከጣዖት አምልኮ ጋር ያስተካከለው ለእርሱ ነው (1ኛ ሳሙ. 15፥23)። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የበዛ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ይገባኛል፤ እልኸኛ ሰው የራሱን ቃል ከእግዚአብሔር ቃል በላይ ሰቅሎ የሚሰግድለት ነው። ሳኦል መበደሉን አመነ፤ ግን ወዲያው ሳሙኤልን የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነው (15፥30)። እኛ ሐበሾች ይህን ሰው እናውቀዋለን። ይሉኝታ ንስሐውን በላበት። ዳዊት የበደለው ከሳኦል አያንስም ነበር፤ ነቢዩ ናታን ሲመጣበት ግን ስለ ክብሩ አልተደራደረም፤ መበደሉን አምኖ ወደቀ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጽናትንና እልኸኝነትን እንዳናደባልቅ እለምናችኋለሁ። ያዕቆብ ሌሊቱን ሙሉ ታገለ፤ ግን የታገለው ሳይባርከኝ አልለቅም ብሎ ነው። ከነናዊቱ ሴት ዝም ብትባልም አልተመለሰችም (ማቴ. 15)። እነዚህ እግዚአብሔርን አጥብቀው የያዙ ናቸው። እልኸኛ ግን እግዚአብሔር እንዳይዘው የሚታገል ነው። ጽኑ ሰው ወደ እርሱ ይጠጋል፤ እልኸኛ ሰው ማጅራቱን ያዞራል። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

በየዓመቱ በኅዳር ወር አካባቢ፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሲግድን ያከብራሉ። ኬኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ሲቆሙ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ሲሰግድ አይቼ አለቅሳለሁ። ሲግድ የሚለው ስም ከስግደት ነው የመጣው። ከሚነበበው መካከል መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 9 አለ፤ በዚያ ምዕራፍ ሕዝቡ አባቶቻቸው አንገታቸውን እንዳደነደኑ ይናዘዛሉ። እነርሱ በአደባባይ እንዲህ ሲናዘዙ እኛ ክርስቲያኖች በምን አፋችን ጣት እንጠቁማለን? እኛም በስቅለት ቀን የምንሰግደው ስለዚሁ አይደለምን? የደነደነ ማጅራት አይሰግድም፤ የሚሰግድ ማጅራትም ውሎ አድሮ ይለሰልሳል።

ከሁሉ የሚያጽናናኝ የሙሴ ጸሎት ነው። ከወርቁ ጥጃ በኋላ በሲና ተራራ ወድቆ ሲሰግድ፣ ሕዝቡ አንገተ ደንዳና መሆኑን ለእግዚአብሔር አልሸሸገም። የሚገርመው፣ ይህንኑ ነገር አብሮአቸው እንዲሄድና ይቅር እንዲል ለመለመን ነው ያነሣው። ራሱንም ከእነርሱ ለይቶ አላቆመም፤ ኃጢአቱን የእኛ ብሎ ነው የተናገረው (ዘጸ. 34፥8-9)። የሕዝቅኤል ትንቢትም እግዚአብሔር የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋ ልብ እንደሚሰጥ ይናገራል (36፥26)። እንግዲህ እልኸኛ ሰው «ራስህን አለስልስ» አልተባለም፤ ለባለ መድኃኒቱ እጁን እንዲዘረጋ ነው የተለመነው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለታላቁ ወንድሜ በስልክ ሙሉውን አነበብሁለት። ሳይፈቅድ ማውጣት አልፈለግሁም። ብዙ ዝም አለ።

«ስሜን አልጻፍሽም አይደል?» አለኝ።

«አልጻፍሁም» አልሁት።

«እንግዲያው አውጪው እህትዓለም። ለሰው ይጠቅም ይሆናል።»

«ለአንተስ ወንድምዓለም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ነገ በጠዋት ፈረቃ አለብኝ፣ ልተኛ» አለኝና ደኅና እደሪ ብሎ ዘጋው።

የታናሹን ስልክ ቁጥር ግን በዋትስአፕ ልኬለታለሁ። እንዳየው ምልክቱ ያሳያል። አልሰረዘውም።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ያልደወላችሁት ስልክ ያላችሁ አላችሁ። አሜሪካን አገር፣ ዐረብ አገር፣ አውሮፓ ሆናችሁ ወንድም ወይም እናት ያኮረፋችሁ ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ተው ያላችሁን ነገር በኪሳችሁ እንደ ቁልፍ የያዛችሁም አላችሁ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ልብ የሚደነድነው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ቆዳ በአንድ ቀን አይጠጥርም። የዕብራውያን ጸሐፊም መድኃኒቱን ለብቻችን እንድንወስደው አላዘዘም፤ ዛሬ ተብሎ ሲጠራ ሳለ በየቀኑ እርስ በርሳችን እንድንመካከር ነው ያዘዘው (3፥13)። ስለዚህ «ልብህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ሰው አትሽሹት። ልንሸሸው የሚገባን ሁልጊዜ «ልክ ነህ» እያለ እልሃችንን የሚቀልበውን ሰው ነው።

አቤቱ አምላካችን ሆይ፣ በበረሃው መንገድ ያቆምኸንን እልህ አንተን ለመቃወም አናውለው። ማጅራታችንን አለስልስ። ያልነውን ቃል ከአንተ ቃል በላይ አድርገን እንዳንሰቅል ጠብቀን። ዝም የምንልበትን የጸሎት ስፍራ አንተ ታውቀዋለህ፤ እዚያ ላይ ድምፅ ስጠን። ነገን የሚያውቃት የለምና ዛሬን አታሳልፍብን። አሜን።

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ደኅና ሁኑልኝ።